የፊተኛው ዓይን፣ የኋለኛው እግር

«ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሞተ ሰው ፎቶ ነው!» አለች፣ የያዘችውን መቀስ የስፌት ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ።

ትልቁ ልጇ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ምስኪን፣ ተናግሮ እንኳ አልጨረሰም። የመጣበት ጉዳይ ቀላል መስሎት ነበር። አንድ ሰውዬ አዲስ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው፤ ግድግዳውን በድሮ ዕቃ እያስጌጠ ነው፤ የማይናገር ራዲዮ፣ የዛገ ሚዛን፣ የቆመ ሰዓት ሰብስቧል። አሁን ደግሞ ጓሮ ጣሪያ ሥር አንሶላ ለብሶ የተቀመጠውን የእሷንና የባሏን ብስክሌት በፎቶ አይቶ ወድዶታል። እሁድ ጠዋት በጭነት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«አባትህ ምን አለ?» ስትል ጠየቀችው።

«ይውሰዱት አለ።»

«እንዲህ ብሎ? በአፉ?»

«በምን ሊል ነበር እማዬ?»

«አትቀልድብኝ! አንተን ራስህን ያሳደገ ብስክሌት፣ ሊበላ የገባ ሁሉ ጥርሱን እየጎረጎረ አንጋጦ ሊያየው? እምቢ!»

«እምቢ» የእሷ ቃል ነው። ሰፈሩ በስሟ የሚጠራት እንዳይመስላችሁ፤ ከኋላዋ «እትዬ እምቢ» ነው የሚላት። እሷም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው። አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጨርቅ ለመቆጠብ ብለው የሱሪው ኪስ ይቅር ቢሏት፣ «ኪስ የሌለው ልጅ እጁን የት ያድርገው? እምቢ» ብላ ከነኪሱ ሰፍታ አስረከበች። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አንድ ባለ ከረባት ሊቀድማት ሲል፣ እምቢ። ልጆቿ «አርጅተሻል፣ ስፌቱ ይብቃሽ» ሲሏት፣ እምቢ። አንዳንድ ሰው እምቢታን እንደ በሽታ ያየዋል። ይየው! በዚህ ዓለም ላይ እሺ ባይ ሞልቶ ተርፏል፤ ከመሀላችን አንድ እምቢ የሚል ባይገኝ ኖሮ የሁላችንም ሱሪ ያለ ኪስ ይቀር ነበር።

ብስክሌቱም ቢሆን የተወለደው ከዚችው ቃል ነው።

ባሏ በያጅ ነበር። ሲሠራ ብልጭታው ከሩቅ ስለሚታይ «ጋሽ ብልጭታ» ይሉታል። ሲጋቡ ያለችው ንብረት አንዲት ብስክሌት ነበረች፣ ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ ብረት ያላት። ሙሽራይቱን እዚያ ላይ አስቀምጦ ከተማውን ሊያዞራት አማረው። አንድ ቀን እሺ ብላ ተቀመጠች፤ መቀመጫዋ በልዞ፣ ቀሚሷ በካቴና ቅባት ጠቁሮ ወረደች። በማግስቱ «ነይ እንውጣ» ሲላት፣ «እኔ እንደ ጆንያ አልጫንም! መሄድ ካማረህ እኔም እረግጣለሁ» አለችው።

በያጁ ጥቂት ቀን ተኮሳትሮ ሰነበተ። ከዚያ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ሁለት የተሰባበሩ ብስክሌቶች ተሸክሞ መጣ። አንዱን ከወገቡ፣ ሌላውን ከአንገቱ ቆርጦ በየዳቸው። ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል፣ ሁለት መሪ። የፊተኛው መሪ ይዞራል፤ የኋለኛው ግን መያዣ ነው እንጂ ወዴትም አያዞርም። ፍሬኑም ያለው ከፊት ነው። ሠርቶ ሲጨርስ በቅባት እጁ ኮርቻዎቹን ተራ በተራ መታ መታ አደረገና «ሕጉ ይኸው ነው» አላት። «የፊተኛው ዓይን፣ የኋለኛው እግር። እኔ አያለሁ፣ አንቺ ትረግጫለሽ። ካልተነጋገርን ግን ሁለታችንም መሬት ነን።»

ተናገረ ይባልለት እንጂ ንግግር የሚወድ ሰው አልነበረም። ሁሉንም ነገር በአንዳንድ ቃል ጨረሰው። መንገዱ ሲጎረብጥ «ጉድጓድ!» ይላል፤ እሷ ከኮርቻዋ ብድግ ትላለች። «እግር!» ሲል ሁለቱም መርገጥ ያቆማሉ። «በለው!» ካለ ዳገት ነው፤ ያላትን ጉልበት ሁሉ ታወጣለች። ሌላው «ግራ» እና «ቀኝ» ነው። ሰውዬው ብስክሌት ላይ ሆኖ ከእነዚህ ቃላት ሌላ ሲናገር የሰማ የለም።

ልጆች ሲመጡ መሀል ላይ የእንጨት ወንበር ገባ። እሁድ እሁድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ግድብ ይወርዳሉ፤ አባት ከፊት፣ ልጆች መሀል፣ እናት ከኋላ። የመንገዱ ልጅ ሁሉ «ባቡር መጣ! ባቡር መጣ!» እያለ ይከተላቸዋል። ውሃው ዳር ደርሰው ምን ያደርጋሉ ብትሉ ምንም። ይቀመጣሉ፣ ዳቦ ይበላሉ፣ አባት የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ይመለሳሉ። ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚያወሩት ያችኑ ጉዞ ነው፤ ማን በደንብ ረገጠ፣ ማን ሰነፈ፣ የመንገድ ውሻ የማንን እግር ለጥቂት ሳተ።

ቃላቱ ከብስክሌቱ ወርደው ቤት ገቡ። እንግዳ ፊት የማይነሳ ወሬ ሲነሳ አባት ዝቅ ባለ ድምፅ «ጉድጓድ» ይላል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ወሬውን ይዘለዋል። እናት ተቆጥታ ድምጿ እየጨመረ ሲሄድ «እግር» ይላታል። ወሩ ገና ሳያልቅ ቤቱ ሲጎድል፣ ሰው ታሞ አልጋ ላይ ሲውል፣ ሐዘን ሲደርስ «በለው» ይባባላሉ። ትንሿ ልጅ አንድ ጊዜ ጸጉሩ በቅባት የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ ከጸጉሩ የባሰ የሚያዳልጥ ፍቅረኛ ይዛ መጣች። አባት ሻይ አጠጣው፣ እስከ በር ሸኘው፣ በሩን ዘጋና «ጉድጓድ» አለ። ልጅቱ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ አላገባችውም። ዛሬ የራሷን ፀጉር ቤት ከፍታ ትሠራለች፣ ያ ሰውዬ ሲነሳ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ትልቁ ልጅ ግን ጢም ማብቀል ሲጀምር «ባቡር መጣ» የሚለው ጩኸት አሳፈረው። ወርዶ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ተመልሶም አልወጣ። አሁን ኢንሹራንስ ቤት ነው የሚሠራው። ማን ከማን ተጋጨ፣ ምኑ ተሰበረ ሲሰማ ይውላል። ቢፈራ አትፍረዱበት፤ ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን ሲያይ እናቱን አይደለም የሚያየው፤ ገና ያልደረሰ አደጋ ነው።

የጋሽ ብልጭታ ዓይን በአንድ ቀን አልጠፋም። መጀመሪያ ብየዳው ከመጋጠሚያው ጣት ያህል እየራቀ ማረፍ ጀመረ። ቀጥሎ የሰላምታ እጅ ወደማይገባ አቅጣጫ ይዘረጋ ጀመር። ሰፈሩ «ብልጭታው በላው» አለ፤ ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል» አለ። ማንም ይብላው ማን፣ ተበላ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከግቢው በር አልፎ አያውቅም። ጠዋት ግድግዳ እየዳበሰ እስከ ስፌት መኪናዋ ይመጣል፤ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ አዝራሩን በጣቱ እየለየ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ ጣሳ ውስጥ ይጨምርላታል። ማታ ያንኑ ግድግዳ እየዳበሰ ይመለሳል። ጎረቤት «ኧረ ውጣና ፀሐይ ሙቅ» ቢለው መልሱ «እዚሁ ይሻለኛል» ነው።

እሷን ያንገበገባት ዓይኑ አይደለም። ዓይን ይጠፋል፣ ጥርስ ይረግፋል፣ ሰው ነን። ያንገበገባት ሰውዬው ራሱ ከዓይኑ ጋር አብሮ ለመጥፋት መስማማቱ ነው። ስለዚህ አርብ አርብ አንሶላውን ገልጣ የብስክሌቱን ጎማ ትነፋ ነበር። ፍስስ፣ ፍስስ ሲል በርጩማው ላይ ሆኖ ይሰማታል፤ ምንም አይልም። እሷም ምንም አትልም። ጎማው እስካልተኛ ድረስ አንድ ቀን አብረው ይወጣሉ ብላ ታስባለች። ብስክሌቱ ከሄደ ግን አለቀ፣ ባሏ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የሚሰቀለው ብረቱ ብቻ መስሎ የታየው ለልጇ ነው።

ልጇ እንደወጣ ወደ ባሏ ዞረች።

«ይውሰዱት አልክ?»

«አልኩ።»

«ለምን?»

«አንሶላ ለብሶ ከሚበሰብስ ሰው ይየው።»

«እኛ እንውጣበታ!»

አዝራር የያዘው እጁ ቆመ። «ማን ሊነዳው?»

«እኔ።»

ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «አንቺ ከፊት ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተስ ዕውር ሆነህ ታውቅ ነበር? ለመድከው አይደል?»

ኧረ ጉድ! ለባል እንዲህ ይባላል? እሷ ግን አለችው። ከእነሱ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሸሽጎ የሚቆይ ቃል የለም። እሱም አልተቆጣም። «ጆንያ አልሆንም ያልሽው አንቺ ነሽ» አላት። «እኔስ በስተርጅና ጆንያ ልሁን? ‹አይ ጋሽ ብልጭታ፣ ሚስቱ ጭናው ስትዞር› ልባል? ተይኝ እባክሽ። ይውሰዱት።» ይህን ብሎ አዝራሩን ጣሳው ውስጥ ጣለው። ትልቁን አዝራር ከትንሾቹ ጋር ነበር የቀላቀለው። አየችው።

እትዬ እምቢ መልስ አጣች ቢባል ሰፈሩ አያምንም። አጣች። የገዛ ቃሏ ተመልሶ መጥቶ ነው የመታት፤ ለሌላ ሰው ቃል መልስ ይገኛል፣ ለራስ ቃል ከየት ይመጣል?

በማግስቱ ትንሿ ልጇ ጋ ደወለች። «ሱሪ ልበሽና ነይ» አለቻት፣ ሌላ ነገር ሳትጨምር።

እናትና ልጅ ብስክሌቱን ከሰፈሩ በስተጀርባ ወዳለው፣ ድሮ የጣውላ መጋዘን ወደነበረበት ባዶ ሜዳ ገፉት። እናት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። ልጅቱ ሳትጠየቅ ሻርፗን ፈታ ዓይኗን አሰረች። «አባዬን ልሁንልሽ» አለች። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ያህል ሄደው ወደቁ። ከዚያ አሥር። መሪው ከበዳት፤ ከኋላ ሆና እንደ ቀላል ታየው የነበረው ነገር ሁሉ ከፊት ሲሆን ሌላ ነው። ፍሬን ስትይዝ ልጇ ጀርባዋ ላይ ትለጠፋለች። «እማዬ ንገሪኛ! ዝም ብለሽ ትይዣለሽ እንዴ?» «እግር! እግር ብያለሁ!» «አሁን ነው የምትይው?» እየተጨቃጨቁ፣ እየሳቁ፣ ጉልበታቸው እየተላጠ ሦስት ቀን ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ሜዳውን ሳይወርዱ ዞሩት። «ጉድጓድ!» ስትል ልጅቱ ዓይኗን እንደታሰረች ብድግ አለች፤ ጉድጓዱም በትክክል ከሥራቸው አለፈ።

«አባዬ እምቢ ቢልስ?» አለች ልጅቱ ሻርፗን እየፈታች።

«እምቢ የእኔ ቃል ነው፤ ለማንም አላውስም» አለች እናት።

እሁድ ጠዋት ሆነ። ጭነት መኪናው ሊመጣ ነው። ባሏ እንደ ወትሮው በርጩማው ላይ ነው። የድሮ የሥራ ጫማውን አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ እግሩ ሥር አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ወገቧን ይዛ ነው የቆመችው፤ እሱ ባያይም ያውቀዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከኋላህ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ?»

«እኔ እንጃ። ሠላሳ ምናምን።»

«ከፊቴ ምን ይታየኝ ነበር?»

የአዝራሩን ጣሳ ከጭኑ አወረደ።

«ጀርባህ! ጀርባህ ብቻ! ትከሻህ ላይ ያለችውን ኪንታሮት ካንተ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቃት። መኪና ይምጣ፣ በሬ ይምጣ፣ ገደል ይምጣ፣ የሚመጣውን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። እኔ የማየው ያለፈውን ነው፣ እሱንም በጎን። ‹ግራ› ስትል ግራ ነው ብዬ አመንኩ። ‹ጉድጓድ› ስትል ተነሳሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ካንተ ኋላ ዕውር ሆኜ ሄድኩ፣ ያውም ሁለት ልጅ መሀል አስቀምጬ! እስቲ ንገረኝ፣ ጆንያ ነበርኩ?»

ጋሽ ብልጭታ አገጩን አሻሸ። የስፌት መኪናውን ጠርዝ ነካ፣ ለቀቀ። «አልነበርሽም» አለ። «አንቺ ባትረግጪ ያን ዳገት አንድ ቀን አልወጣውም ነበር።»

«እንግዲያውስ ጫማህን አድርግ።»

እሷም አልጎተጎተችውም፤ በሕይወቷ ዝም ማለት የከበዳት ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ እግሩ ወለሉን እየዳበሰ ጫማውን ፈለገው፣ አገኘውም።

ከግቢው በር ሲወጡ ያየ ጎረቤት ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። «በለው!» አለች፤ ተነሱ። መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ ብስክሌቱ ባለቤቶቹን ያወቃቸው ይመስል ቀጥ አለ። መንገዱ እስከ ሰፈሩ ሱቅ ድረስ ቀጥ ያለ ነው፤ ሱቁ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ይህን መታጠፊያ በሕይወታቸው ስንት ጊዜ እንደታጠፉት ፈጣሪ ይወቀው።

አሁን የሆነውን ስሙ። ከልጇ ጋር ሜዳውን ስትዞር ምንም አልሆነችም፤ ከኋላዋ የተቀመጠችው ልጅ ነበረች። ዛሬ ግን ከኋላዋ የሚሰማት የእሱ ትንፋሽ ነው። ያን ትንፋሽ ስትሰማ፣ የፔዳሉን ሲጥ ሲጥ ስትሰማ፣ ሰውነቷ ከፊት መቀመጡን ረሳው። እግሯ ይረግጣል፣ ዓይኗ ሱቁን ያያል፣ በረንዳው ላይ ያለውን ሳጥን ያያል፣ ባለ ሱቁን ያያል፤ እሷ ግን «ግራ!» እስኪላት ትጠብቃለች። እሱ ደግሞ መታጠፊያው መድረሱን አውቋል። መንገዱ እዚያ ጋ ትንሽ ያዘነብላል፤ እግሩ ነገረው። ግን ደህና ኋለኛ ልሁን፣ ጣልቃ አልግባ ብሎ ምላሱን ነክሶ ተቀምጧል። እንዲህ ሆነው፣ ሁለቱም እየተጠባበቁ፣ ያለ አንዳች ፍሬን ቀጥ ብለው ባለ ሱቁ በረንዳ ላይ የተደረደረው ባዶ የለስላሳ ሳጥን ውስጥ ገቡ።

የሳጥኑ ጩኸት ሰፈሩን አናጋው።

«እትዬ! ምነው፣ ምን ሆኑ?» ባለ ሱቁ እየሮጠ ወጣ።

«ሳጥንህን መንገድ ላይ ምን አመጣው?» አለች ከሳጥኖቹ መሀል ሆና።

«ኧረ እትዬ፣ ሳጥኑማ በረንዳዬ ላይ ነው ያለው!»

እሷ ግን እየሰማችው አልነበረም። ባሏ በጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ምን አድርጌ ነው ያወጣሁት፣ ምን ነካኝ አለች በሆዷ፤ ያን ጊዜ የእምቢታዋ ሁሉ ፍሬ እዚያ አስፋልት ላይ የተዘረረ መስሏት ነበር። «ሰውዬ! አንተ ሰውዬ!» እየተሳበች ደረሰችና ፊቱን አዞረችው።

እየሳቀ ነው። እንባው እስኪወርድ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው።

«ለምን አልዞርሽም?» አላት።

«አንተ መቼ ‹ግራ› አልክ?»

«እኔ ምን አገባኝ? ፊተኛዋ አንቺ ነሽ!»

«አውቃለሁ! ግን... ጠበቅኩህ።»

«እኔም እኮ አንቺን ጠበቅኩ!» አለና እንደገና ሳቁ ያዘው። ከዚያ በኋላ እሷም አልቻለችም። ባለ ሱቁ ሁለት ሽማግሌዎች ከሳጥን መሀል ተቀምጠው ሲንከተከቱ አይቶ «ጭንቅላታቸውን ተመትተው ይሆን?» ብሎ ሳይጠረጥር አልቀረም። ጋሽ ብልጭታ ከበር ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲስቅ ሰፈሩ ያየው ያን ቀን ነው፤ ስንት ጊዜው!

በዚህ መሀል ጭነት መኪናው መጣ። ትልቁ ልጅ መኪናው ሳይቆም ነው የዘለለው።

«እማዬ! አባዬን ልትገድይው ነው እንዴ?» ድምፁ ተሰበረ። የአባቱን ጉልበት አየ፣ ሱሪው ተቀዶ ደም ወጥቷል። «ስልክ በጮኸ ቁጥር እናንተን ነው እኮ የማስበው! ቢሮ ቁጭ ብዬ ሰው ስለ መኪናው ሲነግረኝ እኔ የማስበው ስለእናንተ ነው! ትንሽ አታዝኑልኝም?»

እናቱን፣ እሱ ትንሽ ልጅ ሆኖ መሀል ላይ የእንጨት ወንበሯን በሁለት እጁ አንቆ የሚይዘው ነገር ትዝ አላት፤ ያኔም ይፈራ ነበር፣ ግን ይሄድ ነበር።

ባለ ምግብ ቤቱ በበኩሉ ከመኪናው ወርዶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ብስክሌቱን ይዞረዋል። «ቀለሙ ትንሽ ተፋቀ» አለ። «ግን ግድ የለም። እንዲያውም ጥንታዊ ያስመስለዋል።»

ጥንታዊ! እትዬ እምቢ ደሟ ፈላ። አፏን ከፈተች፤ ቃሏ ምላሷ ላይ ደርሷል። የባሏ እጅ ግን ክንዷን ፈልጎ ያዘው።

«ቆይ» አላት። «ዛሬ ቃልሽን አውሺኝ።»

ለማንም አላውስም ያለችውን ቃል፣ ዓይኑን ዓይኑን እያየች «ውሰደው» አለችው።

ጋሽ ብልጭታ እሷን ተደግፎ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። ድምፅ ወደሰማበት ዞሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እምቢ» አለ።

«አባዬ፣ ራስህ አይደለህ እንዴ ይውሰዱት ያልከው?»

«እኔው ነኝ። አሁንም እኔው ነኝ አይሄድም የምለው። ያን ጊዜ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የተናገርኩት፤ አሁን ቆሜ ነው። የቱን ታምናለህ?» ወደ ባለ ምግብ ቤቱ ዞረ፤ በእርግጥ የዞረው ወደ ጭነት መኪናው ነበር፣ ማንም ግን አላረመውም። «ወንድሜ፣ ለግድግዳህ ሌላ ነገር ፈልግለት። ይሄ መንገድ አለበት።»

«ደግማችሁ ብትወድቁስ?» አለ ልጅ።

«እንነሳለና! አሁን ምን አደረግን?» አለች እናት። ብስክሌቱን አነሳች፣ የዞረውን መሪ በጉልበቷ መሀል ይዛ አቃናች፣ ካቴናውን መለሰች። እጇ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ልጇ ሊያግዛት እጁን ሰንዘር አድርጎ መለሰው፤ ምን እንደሚያግዝ አላወቀም። «ከፊት ያለው ብሎን ላልቷል፣ አጥብቂው» አለ ባሏ የብረቱን ድምፅ ብቻ ሰምቶ። አጠበቀችው።

ተነሱ። አሁን ሱቁ ጋ ነው የጀመሩት፣ መታጠፊያው አፍንጫቸው ሥር ነው።

«ግራ!!» ስትል ጮኸች፤ ሳጥኑን ይደረድር የነበረው ባለ ሱቅ ሳይታወቀው እሱም ወደ ግራ ዞረ።

ታጠፉ። ከኋላቸው የጫማ ኮቴ ተሰማ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ማነው የሚሮጠው?» አለ ባሏ።

«ልጅህ ነው።»

«ሊይዘን ነው?»

በጎን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ከረባቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል፣ እጁን ወደ ኋለኛው ኮርቻ ዘርግቷል፣ ግን አልነካውም። የሚሮጠው ሊያስቆማቸው ሳይሆን ቢወድቁ ሊደርስላቸው እንደሆነ ገባት።

«ይሩጥ» አለች። «ድሮም ከዚህ ብስክሌት መውረድ አልነበረበትም።»

ከተማው አለቀና የግድቡ መንገድ ተጀመረ። ኮቴው ቀስ በቀስ ራቀ፤ ልጁ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያለከለከ ቀረ። እነሱ ብቻቸውን ሆኑ። ነፋሱ ፊቷን መታው። ይህን ነፋስ ከኋላ ሆና አታውቀውም ነበር፤ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚቀበለው።

«ምን ይታይሻል?» አላት።

«መንገድ።»

«መንገዱንስ እግሬም ያውቀዋል። ሌላስ?»

ሌላ? አንደበቷ ተፈታ። «ሰማያዊ አንሶላ የምታሰጣ ሴትዮ አለች፣ ሰገነት ላይ። አንሶላው ነፋስ ነፍቶት ሴትዮዋን ሊወስዳት ነው። እዚያ ታች ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዎች ዳማ ይጫወታሉ፣ አንደኛው ሲያጭበረብር አሁን አየሁት። ጋሪ ላይ ውሻ ተኝቷል። ዛፎቹን ቆርጠዋቸዋል መሰለህ፣ ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል። ግድቡም ብቅ አለ፤ ከዚህ ሲታይ ልክ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ነው የሚያበራው። ወፎቹ በአንድ ላይ ብድግ አሉ፣ አሁን፣ ይኸው፣ አሁን ተቀመጡ።»

ብስክሌቱ ከበዳት። ከኋላዋ ፔዳሉ መረገጡን አቁሟል።

«ምነው፣ ደከመህ?»

ሲመልስ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ይሄ ሁሉ ነበር እኮ» አለ። «ሠላሳ ምናምን ዓመት ይሄን ሁሉ እኔ ብቻ ቀድሜ እያየሁት፣ ላንቺ የነገርኩሽ ጉድጓዱን ብቻ ነው።»

ዞራ ልታየው ፈለገች። ፊተኛ ግን አይዞርም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«በለው!» ስትል ጮኸች።

መንገዱ ቁልቁለት ነበር። እሱም በእግሩ ያውቀዋል። ቢሆንም ረገጠ።